በሙከራ ጊዜዬ ላባረርሽኝ

ውድ ማርቲ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ብቻ ነው። ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው። አዳማ እንዴት እንደተቀበለችሽ፣ አክስትሽ ቤት እንዴት እንደከረምሽ አልጠይቅሽም፤ ማወቅም አልፈልግም። እኔ ድሬ ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ። ይህንን እንድታውቂልኝ ስለምፈልግ ነው ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት።

የሆነውን ሁሉ ታውቂዋለሽ። የምታውቂው ግን በአንቺ በኩል ያለውን ነው፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠሽ ያየሽውን። በእኔ በኩል ምን እንደነበረ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም። አሁን ቁጭ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ከዚራ፣ በባቡር ሠራተኞች ግቢ፣ በአንድ አጥር ውስጥ ነው ያደግነው። እናቴ ስትሞት ገና ፊደል በደንብ አልለየሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ምሳዬን የምበላው እናንተ ቤት ነበር። እናትሽ ወለተ ጊዮርጊስ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ለሁለታችን አንድ ዓይነት ቀሚስ ትሰፋልን ነበር። ቀፊራ ገበያ ስትልከን ነጋዴዎቹ «መንታዎቹ መጡ» ይሉን ነበር። አንቺ ቀይ፣ እኔ ጥቁር፣ አንቺ ረጅም፣ እኔ አጭር፤ መንታ የሚያሰኘን ቀሚሱ ብቻ ነበር። ቢሆንም ደስ ይለን ነበር። ያደረግሽብኝን ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን ይኼኔ ረስቼዋለሁ። ክፉ አለቃ የትም ሞልቷል። ያልረሳሁት አንቺ ስለሆንሽ ነው።

ተመርቄ ሥራ አጥቼ ስንከራተት ደውለሽ «ብስኩት ፋብሪካችን የጥራት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፣ ነይ አቦ!» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የሰው ኃይል ኃላፊ ነበርሽ። ውሉን ያስፈረምሽኝም አንቺ ነሽ። የሙከራ ጊዜ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁሽ።

«ስድሳ የሥራ ቀን ነው፣ ለሁሉም ሰው ያለ ነው። ለአንቺ ምንም ማለት አይደለም፣ አብሽሪ» አልሽኝ።

ፈረምኩ። ሥራውንም ወደድኩት። አንቺም ወደድሽልኝ መሰለኝ፤ ገና ብዙም ሳልቆይ አዲስ የሚገቡትን ሠራተኞች እንዳሠለጥን መደብሽኝ። ማታ ማታ ሰርቪስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሄድ ትከሻሽ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከዚያ የሊጥ ማቡኪያው ነገር መጣ። የማሽኑ ክዳን ሲከፈት ማሽኑ በራሱ መቆም አለበት። አንድ ቀን ናሙና ልወስድ ስከፍተው አልቆመም። ምላጩ ሊጡን እየገለበጠ መዞሩን ቀጠለ። ለፈረቃ አለቃው ስነግረው «ከላይ የመጣ ነው» ብሎኝ ሄደ። ያን ዕለት ሰርቪስ ውስጥ ለአንቺ ነገርኩሽ።

«አውቃለሁ» አልሽኝ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ። «በተከፈተ ቁጥር እየቆመ ሥራ ያዘገያል ብሎ ማቆሚያውን ያስቆረጠው ሥራ አስኪያጁ ነው።»

«ሰው ይቆርጣል እኮ፣ ማርቲ!»

«ነገ እነግረዋለሁ። አንቺ በሙከራ ላይ ነሽ፣ እዚህ ውስጥ አትግቢ። እኔ እነግረዋለሁ አልኩሽ አይደል?»

አልነገርሽውም። ሳምንቱ ሳያልቅ ሃምዳ እጇን ከተተች።

ሃምዳን አንቺ በመታወቂያ ቁጥሯ ነበር የምታውቂያት። እኔ ግን በድምፅዋ ነበር የማውቃት። ከቢዮ አዋሌ የመጣች፣ ማቡኪያው ላይ ቆማ በሶማልኛ የምታንጎራጉር፣ ሠርጓ የደረሰ ልጅ ነበረች። ከጠርዙ የተጣበቀውን ሊጥ ልትፍቅ ክዳኑን ከፈተች። ጩኸቷን ስሰማ ሚዛኑ ጋ ነበርኩ። ሮጬ ደርሼ ጋውኔን አውልቄ እጇን ጠቀለልኩላት። ነጩ ጋውን ወዲያው ቀላ። «አባዮ፣ እህቴ፣ ወላሂ ይቆማል ብዬ ነው፣ ይቆማል ብዬ ነው» ትለኝ ነበር፤ ያጠፋችው እሷ ይመስል ለእኔ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች አጣች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። «ልጅቷ የደህንነት መመሪያ ጥሳ በራሷ ቸልተኝነት ተጎድታለች። ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚባለው ይኸው ነው» አለ። አንቺ ከኋላው ቆመሽ ነበር። እኔ አንቺን አንቺን አየሁ፤ አንቺ ስልክሽን አየሽ።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከሁሉም ጋር ተነጋገረ። ሁሉም እንደተባሉት አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ ልጆች አሏቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ ወደ ማሽኑ ወሰድኩትና ክዳኑን ከፈትኩለት። ማሽኑ ሳይቆም መዞሩን ቀጠለ። «ከአደጋው በፊትም እንዲህ ነበር?» አለኝ። «ነበር። ተናግሬም ነበር» አልኩት። ለማን እንደተናገርኩ አልጠየቀኝም፣ እኔም ስምሽን አላነሳሁም። ያኔ ገና ወዳጄ ነሽ ብዬ አስብ ነበር።

በማግስቱ ቢሮሽ ጠራሽኝ። ሥራ አስኪያጁ ከጎንሽ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንቺ ውሻ» እያልሽ የምትጠሪኝ ልጅ ጉሮሮሽን ጠረግሽና፦

«ወይዘሪት ኑሀሚን፣ የሙከራ ጊዜዎን በብቃት ሊወጡ ባለመቻልዎ ድርጅቱ ከዛሬ ጀምሮ አሰናብቶዎታል» አልሽኝ።

አንቱ አልሽኝ! ድሬ ውስጥ፣ ሕፃን ሽማግሌውን አንተ በሚልበት አገር፣ አንቱ ተብዬ የተባረርኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መጀመሪያ የምትቀልጂ መስሎኝ ፈገግ ብያለሁ። ያቺ ፈገግታዬ ናት እስከዛሬ የምታቃጥለኝ።

በሩ ድረስ ተከትለሽኝ መጣሽ። ዕቃዬን ስትሰጪኝ በሹክሹክታ «ፍርድ ቤት ምናምን ብለሽ አትድከሚ። በሙከራ ላይ ያለን ሰው ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ሕጉ ይፈቅዳል። የትም ብትሄጂ አይሰሙሽም» አልሽኝ። እንደ ምክር ነበር የነገርሽኝ። ስለዚህ አመንኩሽ። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። አባቴ «ምነው በጊዜ?» ሲለኝ «አሞኛል» አልኩት። እንዳመመኝ ብዙ ሰነበትኩ።

የነቃሁት ሌላ ፋብሪካ ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ነው። የፈተነችኝ ሴትዮ ጥሩ ሰው ነበረች፤ ፈተናውን አልፌ ነገ ጀምሪ ልትለኝ ሁለት ቃል ቀርቷት ነበር። በማግስቱ ስሄድ ፊቷ ተለውጦ ጠበቀኝ። «የድሮ መሥሪያ ቤትሽ ደውለን ነበር። ለሥራው አትመጥንም፣ አስቸጋሪ ናት አሉን» አለችኝ።

«ማነው ያላችሁ?» አልኳት።

«ማርቲ የምትባል ኃላፊ።»

ከዚያ የወጣሁት በእግሬ ነው። ባጃጆቹ እየቆሙ ይጠሩኛል፣ አልሰማቸውም። ያ የቀትር ፀሐይ አናቴ ላይ እየነደደ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ እስከ ከዚራ ሄድኩ። ብታባርሪኝ ታዘሽ ነው ልበል፤ ሥራ አስኪያጁ አጠገብሽ ነበር። ስልኩን ስታነሺ ግን ማን ነበር አጠገብሽ? ያን ቀን መንገድ ላይ ወሰንኩ። እንጀራዬን ለማስመለስ አልነበረም የወሰንኩት፤ እሱ በኋላ የመጣ ነው። የወሰንኩት አንቺን ሰው ፊት አቁሜ ላዋርድሽ ነው።

ጠበቃ ዐብዱልዓዚዝን ያገኘሁት እዚያው ከዚራ፣ ከድሮ የባቡር ቢሮዎች አንዱን ተከራይቶ ነው። ለተባረሩ ሠራተኞች በነፃ እንደሚቆም ሰምቼ ነበር። የሚንጣጣ ማራገቢያ ሥር ተቀምጦ እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«በሙከራ ላይ ነበርኩ። መብት የለኝም ተብያለሁ» አልኩት።

«ማነው ያለሽ?»

«ያባረረችኝ።»

ሳቀ። «ስሚ፣ ለሥራው ብቁ ሆነሽ ካልተገኘሽ በሙከራ ጊዜ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፣ እውነቷን ነው። ግን ሙከራ ማለት የፈለጉትን የሚከቱበት ጆንያ አይደለም። ቅሬታ ስላቀረብሽ፣ ወይ በምርመራ ላይ ቃል ስለሰጠሽ ማባረርን ሕጉ በግልጽ ይከለክላል። በሙከራ ላይም ሁኚ በምንም። እኛ ማሳየት ያለብን የወጣሽው ሳትችዪ ቀርተሽ ሳይሆን ተናግረሽ መሆኑን ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ሦስት ወር ካለፈው ግን ይታገዳል። የቀረሽ ጥቂት ቀን ነው። ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«ታምሜ» አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፍትሕ ነው የምትፈልጊው ወይስ በቀል?»

«ሁለቱንም ነው። ችግር አለው?»

«ሕጉ አይጠይቅሽም። እኔም ሁለተኛ አልጠይቅሽም» አለኝ።

ሃምዳ እንድትመሰክርልኝ ልለምን ቢዮ አዋሌ ድረስ ሄድኩ። እናቷ መጀመሪያ በር ላይ አቁማ መለሰችኝ፤ ፋብሪካው ሕክምናዋን ቢያቋርጥባትስ ብላ ፈርታ ነበር። ሃምዳ ግን ከውስጥ ሰምታኝ ወጣች። በፋሻ የታሰረ እጇን ሻርፕዋ ሥር ደብቃለች። «ጋውንሽን አበላሸሁብሽ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳልላት «መቼ ነው የምመጣው?» አለችኝ።

ቀጥሎ የሄድኩት እናትሽ ጋ ነው። ለምን እንደሄድኩ አልደብቅሽም፤ ልቧን ላቆስልብሽ ነው የሄድኩት። አንቺ የምትፈሪው ሰው በዓለም ላይ እሷ ብቻ እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ኒሙ ዛፍ ሥር የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ሥራ የለቀቅኩት በራሴ ፈቃድ ነው ብለሻት ኖሮ ስታየኝ ተቆጣች።

«ልጄ አስገብታሽ ጥለሽባት ሄድሽ አሉ። ደግሞ ምን እግር ጣለሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ከሰርቪሱ ጀምሬ፣ ስለ ሃምዳ ጣት፣ ስለ አንቱታው፣ ስለ ስልኩ። ስነግራት የስፌት መኪናዋን መርገጥ አላቆመችም። ስልኩ ጋ ስደርስ ቆመች። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

«ማርቲ ናት ይህን ያደረገችው?»

«ማርቲ ናት።»

«ፍርድ ቤት ቆማ ምን ልትል ነው?»

«ኑሀሚን ሥራ አትችልም ልትል ነው። ምላ።»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ይህንንም ፈልጌው ነበር። አላለቀሰችም። «ቀጠሮው መቼ ነው?» አለችኝ።

የችሎቱን ቀን አንቺም ታስታውሽዋለሽ፤ እኔ ያየሁትን ግን አላየሽም። ሃምዳ ቀድማ መሰከረች። ዳኛዋ እጇን እንድታሳይ ሲጠይቋት ሻርፕዋን ገለጠች። የድርጅታችሁ ነገረ ፈጅ መስቀለኛ ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ አንቺ ተጠራሽ። ወለሉን እያየሽ ገባሽ፣ ወለሉን እያየሽ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘሽ ማልሽ። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ማን እንደተቀመጠ አላየሽም ነበር።

ነገረ ፈጁ ሲጠይቅሽ እንደ ተማሪ መልሱን አነበነብሽው። የሥራ ብቃቷ ዝቅተኛ ነበር። ለሥልጠና አልተመቸችም። የስንብቱ ምክንያት ከአደጋው ጋር አይገናኝም። ድምፅሽ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። በዚያች ሰዓት ጠላሁሽ፤ እስከዚያ ድረስ ተናድጄብሽ እንጂ ጠልቼሽ አልነበረም።

ዐብዱልዓዚዝ ተነሳ።

«አዳዲስ ሠራተኞችን ታሠለጥን የነበረችው ማን ናት?»

«ኑሀሚን ናት።»

«ማነው የመደባት?»

«እኔ።»

«ብቃት የሌላትን ሰው ሌላ ሰው እንድታሠለጥን መደብሽ ማለት ነው?»

ተመልሰሽ ወለሉን አየሽ።

«ማሽኑ አደገኛ እንደሆነ ከአደጋው በፊት ነግራሽ ነበር?»

«አላስታውስም።»

ያኔ ከኋላዬ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። እናትሽ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

«እናት፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉ ዳኛዋ።

«እሺ እመቤቴ፣ እቀመጣለሁ። ልጄ እንድታየኝ ብዬ ነው» አለች።

ቀና አልሽ። አየሻት። ፊትሽ እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ እችላለሁ፣ አንድ በአንድ ስላየሁት። መጀመሪያ ከንፈርሽ ነው የደረቀው። ከዚያ ወንበሩን ያዝሽ። ዐብዱልዓዚዝ ጥያቄውን ደገመልሽ፣ ቀስ ብሎ።

«ነግራኛለች» አልሽ። «ሰርቪስ ውስጥ። ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ ብያት ነበር፣ አልነገርኩትም። ያስወጣኋትም ለተቆጣጣሪው ስለተናገረች ነው። አስወጪያት ተብዬ ነው።»

«ሌላ ቦታ ሥራ ስትጠይቅስ በስልክ ያልሽው?»

«እሱን ማንም አላዘዘኝም» አልሽና አለቀስሽ።

ደስ አለኝ፣ ማርቲ። አፍሬበት አላውቅም። እንባሽ ሲወርድ እያየሁ የበረዶ ውኃ የጠጣሁ ያህል ደረቴ ቀዘቀዘልኝ። ከችሎት ስንወጣ ወደ እናትሽ ተጠጋሽ፤ «እማዬ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። አልፋሽ ሄደች። ባጃጅ ሳስቆም ከእኔ ጋር ተሳፈረች። ዞረሽ ስታዪን እኔም ዞሬ አይቼሻለሁ። ሆን ብዬ ነው የዞርኩት።

ፍርዱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ አለ። ብዙ ሰው ካሳ ተቀብለሽ ውጪ፣ እዚያ ምን ደስታ አለው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን መመለሱን ፈለግሁ። ጠዋት በዋናው በር ስገባ ሥራ አስኪያጁ ሚዛኑ ድረስ መጣ። «አንቺን ፍርድ ቤት አስገብቶሻል፣ ምንም ማድረግ አልችልም። ማርቲን ግን ችሎት ቆማ ስላለችው አባርራታለሁ» አለኝ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ የሰማው ግን ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ እኔ ብቻ ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ለሠራተኞቹ አወራሁት። ማቡኪያው ዛሬ ክዳኑ ሲነካ ቀጥ ይላል። በየፈረቃው ራሴ ከፍቼ አየዋለሁ። ሃምዳ ባለፈው አገባች፤ ሂና የተቀባችው በግራ እጇ ነበር። ቀኟን ግን አልደበቀችም።

አንቺን ሲያባርሩሽ «እምነት አጥተንብሻል» እንዳሉሽ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ሳቅኩ። የሳቅኩት ብቻዬን ነው፤ ሌላ ሰው ፊት አልሳቅኩብሽም። ይህን ያህል ብቻ ነው ያዘንኩልሽ።

ዛሬ ከሰዓት፣ ከተማው በር ዘግቶ ሲያንቀላፋ፣ እናትሽ ወደ ቤቴ መጣች። ከችሎቱ ወዲህ አርጅታለች። ውኃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም።

«ማርቲ ደውላ ነበር። ልትከስ ነው አሉ፣ እውነት ስለተናገርኩ ነው ያባረሩኝ ብላ። ሰውየው የዛተባትን የሰማሽ አንቺ ብቻ ነሽ አሉ። እንድትመሰክሪላት ትፈልጋለች» አለችኝ።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«እኔ አልለምንሽም። መልዕክት ነው ያደረስኩት። ያን ቀን ከአንቺ ጋር የተሳፈርኩት አንቺን መርጬ እንዳይመስልሽ። እሷን ማየት አቅቶኝ ነው። ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፤ ሁለታችሁም አድክማችሁኛል።» ይህን ብላ ተነስታ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ብዙ ተቀምጬ አሰብኩ። አልመጣም ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት አወጣሁ። «የትም ብትሄጂ አይሰሙሽም» ያልሽኝን ቃል ለራስሽ ልመልስልሽ አማረኝ። ዝም ብል ጉዳይሽ ይወድቃል፣ እኔም እጄን ሳላነሳ በቀሌን እጨርሳለሁ። እንዲህ የተመቸ ነገር በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም። ችግሩ ግን ዝም ብዬ ስቀር የምመስለው አንቺን ነው። አንቺን መምሰል አልችልም፣ ማርቲ። ከአንድ ጣቃ የተሰፋልን ይበቃል።

ስለዚህ እመጣለሁ። ቀጠሮው ሲቆረጥ ለእናትሽ ንገሪያት፣ ለእኔ አትደውይ። እምላለሁ፣ የሰማሁትን ከነቦታውና ከነቃሉ እናገራለሁ። አንቺን ሲያስወጡሽ ያጠፋሽው እውነት መናገርሽ ብቻ እንደነበር እናገራለሁ። እያንዳንዱን ቃል ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ትሰሚዋለሽ፤ የምትከፍይኝ እሱን ነው። ሲያልቅ አታመስግኚኝ፣ በር ላይም አትጠብቂኝ። ይቅር አላልኩሽም።

ነገረ ፈጁ ምስክርነቴን ለማጣጣል «ወዳጅሽ ስለሆነች ነው የምትመሰክሪላት፣ አይደል?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። «ወዳጄ አይደለችም» እላለሁ። ዳኛዋ የሚያምኑኝም ስለዚያ ነው።

ኑሀሚን
ድሬዳዋ፣ ከዚራ